ወፍ በጅምላ ሲረግፍ፦ ችግሩና መፍትሄው

አዳማ ውስጥ ግቢ ሙሉ ወፍ ረግፎ ሲገኝ የሚሰነዘረው ግምት ከዓመት ዓመት አይለወጥም። አንዱ «የወፍ ጉንፋን ነው» ይላል። ሌላው የኔትወርክ ማማውን ይጠቁማል። አንዷ ታማትባለች። አንዱ ደግሞ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ጨርሷል። ወፏን ገልብጦ እግሯን ያየ፣ የበላችውን የዳበሰ ግን አይገኝም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ ዶሮ ነው፤ ግን ዋኔ ሲረግፍም፣ እርግብ ሲረግፍም፣ አባ ኮዳ ምሰሶ ሥር ተዘርሮ ሲገኝም የሚደወለው ለእኔ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ የሚገጥመኝን በሰፊው፣ ብርቅ የሆነውን በአጭሩ አስቀምጣለሁ። እጅ መታጠቡን፣ ልጆችና ውሻ ማራቁን ታውቁታላችሁ። ጓንት ከሌላችሁ ፌስታል ገልብጣችሁ እጃችሁ ላይ አጥልቁ። በባዶ እጅ ግን አይነካም።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ማን እንደሞተ እዩ። ዶሮው ብቻ እየሞተ ድንቢጡ አጥሩ ላይ ደህና እየዘለለ ከሆነ ነገሩ የዶሮ ነው፤ «ዶሮ ብቻ» ወደሚለው፣ ስለ ፈንግል (ኒውካስል ስለሚባለው የዶሮ በሽታ) ወደሚያወራው ክፍል ዝለሉ። ዋኔ፣ እርግብና ድንቢጥ አብረው ከወደቁ ግን ሦስቱን የሚያገናኛቸው ነገር አንድ ነው፤ እህል ይለቅማሉ። የውሃ ወፎች ብቻ ከሆኑ ውሃውን ተጠራጠሩ። ንስር፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ብቻ ከሆኑ ወይ የመብራት ሽቦ ነው፣ ወይ የተመረዘ ሥጋ።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። ዛሬ ሁለት፣ ነገ አምስት፣ ከነገ ወዲያ አሥር እያለ የሚሄድ ሞት በሽታ ይሸታል። ማታ ደህና ያደረ መንጋ ረፋድ ላይ ካለቀ መርዝ፣ ሙቀት ወይም ጭስ ነው። በሽታ እንዲህ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ አይሄድም ማለቴ አይደለም፤ ግን እኔ የምጀምረው ከመርዝ ነው።

ከዚያ ሬሳውን እዩ። የደረቷን አጥንት በጣታችሁ ዳብሱ። አጥንቱ እንደ ቢላ ካልሾለ፣ ግራና ቀኙ ሥጋ ከሞላው፣ ወፏ ሳትታመም በድንገት ነው የሞተችው። አንገቷ ሥር፣ ደረቷ አናት ላይ ያለችውን የእህል ከረጢት ጫን አድርጉ። ሞልታ ከሆነ እየበላች ነው የሞተችው ማለት ነው። ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ሰው ቢያውቅልኝ ከግማሽ በላይ ስልኬ ይቀንስ ነበር።

ምልክት፦ እህል ለቃሚዎቹ በሙሉ በአንድ ጠዋት

ይሄ ነው ደጋግሞ የሚመጣው። አዳማ የእህል ከተማ ናት። ወፍጮ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ የዱቄት ፋብሪካው፣ እህል የሚያወርድ አይሱዙው፣ ሁሉም ያንጠባጥባል። ወፉም ያንን ለምዷል። እዚያ ላይ መርዝ የነካው እህል አንድ ኬሻ ከተደፋ ሰማዩ ነው የሚራገፈው።

የምታዩት እንዲህ ነው። ወፎቹ ወፍራሞች ናቸው። የእህል ከረጢታቸው ሙሉ ነው። ጣቶቻቸው ተጨማደው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ ቡጢ የጨበጡ ይመስላሉ። ከአፋቸው የሚዝለገለግ ምራቅ ወጥቷል። በሕይወት የተገኙት ይንቀጠቀጣሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ይንፈራገጣሉ፣ ለመብረር ሞክረው በጎናቸው ይወድቃሉ። ይሄ የነርቭ መርዝ ነው፤ እነ ዲያዚኖን፣ እነ ካርቦፉራን የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች። ዲያዚኖን ወፍ ላይ ክፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ላይ ዝይ በጅምላ እየገደለ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚያ እንዳይረጭ ከልክለውታል። ካርቦፉራን ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ በደቃቅ ጠጠር መልክ ከሚሠራው አንዷ ፍሬ ትንሽ ወፍ ለመግደል ትበቃለች።

ምንጩ ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛው መድኃኒት የተቀባ ምርጥ ዘር ነው። የበቆሎ ዘር ከነቀዝና ከሻጋታ እንዲጠበቅ ሲቀባ ቀለም ይደረግበታል፤ ሮዝ፣ ቀይ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፣ «አትብሉኝ» ለማለት ነው። ወፍ ግን መለያ አታነብም። ሻጋታ ብቻ የሚከላከለው ቅባት ቶሎ ላይገድል ይችላል። ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰለ ፀረ ነፍሳት የተቀባ ከሆነ ግን አንዲት የበቆሎ ፍሬ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ልትገድል ትችላለች።

አንድ ወፍጮ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቆርቆሮው ላይ፣ ቱቦው ውስጥ፣ በሩ ሥር፣ ዋኔ ብቻ ነው። ባለቤቱ ጋሼ፣ ጎረቤታቸው በቅናት መርዝ እንደበተነባቸው እርግጠኛ ነበሩ፤ ፖሊስ ሊጠሩ ተነስተዋል። አንዷን ዋኔ አንስቼ የእህል ከረጢቷን በምላጭ ከፈትኩ። የበቆሎ ስባሪ ነው የወጣው፣ ገና አልተፈጨም፣ ቆዳው ላይ ሮዝ ቀለም ተጣብቋል። ነጭ ሶፍት ላይ አድርጌ ትንሽ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ሶፍቱ ቀላ። «ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ዘር የተራገፈበት ኬሻ አለ?» አልኳቸው። ዘበኛው ቀና አለ። ከገጠር የመጣ ዘመድ ሐምሌ ላይ የተረፈውን ዘር አምጥቶ እሳቸው ጋ አስቀምጦ፣ አይጥ ቀዶት፣ ዘበኛው ደግሞ ጠርጎ ደጅ ደፍቶታል። ጎረቤትየው የዋህ ሰው ነበሩ። እስካሁን ግን አይነጋገሩም መሰለኝ።

ከዚያ የባሱት ዘሩን የሚያጥቡት ናቸው። አንዲት እናት ርካሽ መኖ ብለው ቀላ ያለ በቆሎ ገዝተው ለዶሮዎቻቸው ሰጥተዋል። ዶሮዎቹ አለቁ። «አጥቤዋለሁ እኮ ዶክተር፣ በሦስት ውሃ!» ይሉኛል። እትዬ፣ የታጠበው ቀለሙ ነው። መርዙ እዚያው ነው። ይሄ ስህተት ሰውም ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ ሜርኩሪ የተቀባ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬ ታደለ። ገበሬው ቀለሙን አጥቦ ሲያስለቅቀው መርዙም የለቀቀ መሰለውና ጋግሮ በላው። ሆስፒታል ከገቡት ብቻ 459 ሰው ሞቷል። ስለዚህ ቀለም ያለው እህል አይታጠብም፣ አይፈጭም፣ ለዶሮ አይሰጥም፣ ለአረቄም አይሆንም። ከደህና እህል ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ነጋዴ ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ ነው።

ኬሻውም ያው ነው። ዘር የመጣበትን ማዳበሪያ አራግፎ ዱቄት የሚጨምርበት ቤት አይቻለሁ። እባካችሁ።

ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚበተን ነው። ማሽላው ወይ ስንዴው ሊደርስ ሲል ወፍ ያስቸግራል፣ ጠባቂ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ስለዚህ ሰውዬው እህል መድኃኒት ውስጥ ነክሮ ዳር ዳሩን ይበትናል። የሚነክርበት መድኃኒት ምን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቀውም። ከገበያ በሃይላንድ ነው የገዛው። መለያ የለው፣ ስም የለው፣ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። ሻጩ «ጠንካራ ነው» ብሎታል፣ በቃ። ይሄንን ነገር የሚሸጡትን ሰዎች ሳስብ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ለወፍ የተገዛው ሃይላንድ ነገ ቤት ውስጥ ጥም የያዘው ልጅ እጅ ላይ ይገኛል። የውሃ ጠርሙስ ነዋ!

ደግሞ ልብ በሉ፣ ወፉ እዚያው ማሳው ላይ አይሞትም። ጠግቦ ይበርና ከተማ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው «ምስጢር» የሚሆነው። ሞቱ የተገኘበትና መርዙ ያለበት ቦታ ለየቅል ነው። እና ልጆች የወደቀ ዋኔ ሲያገኙ በነጻ የተገኘ ሥጋ ነው፤ ላባውን ነጭተው እሳት ላይ ጣል ያደርጉታል። አንድ ግቢ ስደርስ ጠብሰው ሊበሉ ነበር። መጥበስ መርዙን አያስወግድም። ድመቷ ከበላች ድመቷ ትሞታለች፣ ጭልፊቱ ከበላ ጭልፊቱ ይሞታል።

ሦስተኛው ከመጋዘን የሚወጣው ነው። የነቀዝ ክኒን የምንለው፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙን ለቆ ያልጨረሰ ክኒን ከጥርጊያ ጋር ደጅ ሲደፋ ዶሮና ወፍ ይለቅመዋል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝም ዘመዱ ነው፤ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆኖ ከእህል ጋር ተለውሶ ይቀመጣል፣ ዶሮ ቀድማ ታገኘዋለች። ሁለቱንም በሽታቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም ካርባይድ ይሸታሉ። ለመሽተት ብላችሁ ግን አፍንጫችሁን አትቅረቡ። እንዲህ የሞተችን ወፍ ስትከፍቱ ጋዙ ከሆዷ ሊወጣ ይችላል። ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ብቻ። በአዳማ ነፋስ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እና ክኒኑ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ወይም ግድግዳ ተጋርቶ፣ ሰው አይተኛም። አይተኛም!

*መፍትሄው።* ዶሮዎቹን ወዲያው ዝጉ፣ መኖውንና ውሃውን ቀይሩ። የተደፋውን እህል ፈልጉ። ሬሳው በብዛት ካለበት ጀምራችሁ ወፎቹ ጠዋት የሚሰፍሩበትን ጠይቁ፤ ዘበኛና ሊስትሮ ሁሉንም ያያሉ። ያገኛችሁትን እህል ጠርጋችሁ በድርብ ፌስታል እሰሩ። ሬሳውን በሙሉ ልቀሙ፣ ቱቦ ውስጥ የገባውንም ጭምር። ናሙና ካስቀራችሁ በኋላ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ራቅ ብላችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ጫኑበት። የተረፈ ዘር ካላችሁ ከነመለያው አሽጋችሁ ለሚቀጥለው ክረምት አቆዩት፣ ካልሆነ ለግብርና ባለሙያ ንገሩ። ስትዘሩም አፈር አልብሱት፤ ማሳ ጫፍ ላይ የሚፈሰው ክምር ነው ጣጣ የሚያመጣው።

በሕይወት ላለችው ወፍ በነርቭ መርዝ ከሆነ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ግን የሚሰጠው ባለሙያ ነው፣ መጠኑን የሚያውቅ። ለነቀዝ ክኒን ማርከሻ የለውም። ወተት ማጠጣት፣ ዘይት ማጠጣት፣ ሎሚ መጭመቅ የሚሉትን ተዉ። ሰው ከነካው ወይም ከበላው ደግሞ እኔ ጋ ሳይሆን ሐኪም ቤት፣ ጠርሙሱን ወይም ዕቃውን ይዛችሁ።

ምልክት፦ ግሪሳ በሺህ፣ ከላዩ ንስርና አባ ኮዳ

ይሄ ምስጢር አይደለም፣ ርጭት ነው። ግሪሳ ወፍ ሃያ ግራም የምትመዝን ነገር ናት፣ ግን በቀን የክብደቷን ግማሽ እህል ትበላለች፤ በሚሊዮን ሆና ስትመጣ ማሽላ አይተርፍም። ስለዚህ መንጋው በሚያድርበት ግራር ወይም ደንገል ላይ ምሽት ላይ በአውሮፕላን ፌንቲየን የሚባል መርዝ ይረጫል። ገበሬውን አልፈርድበትም። ችግሩ ሲነጋ ነው። የተመረዘችው ግሪሳ ሜዳ ላይ ትንፈራገጣለች፣ አዳኝ ወፎች ለቀማ ይወርዳሉ፣ እነሱም ይወድቃሉ። ሰውም በጆንያ ይሰበስባል። መፍትሄው ርጭቱ የት እንደነበር ግብርና ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ፣ ከብትና ዶሮ ወደዚያ አለማሰማራት፣ ሬሳ መቅበር ነው። የተረጨ ግሪሳ አይበላም።

ምልክት፦ የውሃ ወፎች ዳር ላይ፣ ውሃው አረንጓዴ

ቆቃ ቅርባችን ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀምሮ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ ሲቀበል ኖሯል፤ የእርሻ ማዳበሪያ፣ የከተማ ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ። ንጥረ ነገር የበዛበት ሙቅ ውሃ ላይ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ጥቃቅን ፍጡር ይፈላል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ንጣፍ ሠርቶ ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል። አንዳንዱ ዓይነት ጉበት የሚበላ መርዝ ያወጣል። ኬንያ ውስጥ ቦጎሪያና ናኩሩ ሐይቆች ላይ ፍላሚንጎ በገፍ ሲሞት ከተጠረጠሩት አንዱ ይሄው ዓይነት መርዝ ነው።

ብዙዎች «አፍልተን እናጠጣለን» ይላሉ። መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ደግሜ ልበለው፣ አይጠፋም። አረንጓዴ ንጣፍ ያለበትን ውሃ ለዶሮም ለከብትም አትስጡ። ከመሃል ወይም ከጥልቁ መቅዳት ይሻላል፣ ሌላ ውሃ ካለ ግን እሱን።

ወፎቹ ደግሞ አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው፣ ክንፋቸው ዝሎ ከተገኙ ቦቱሊዝምን አስቡ። ውሃው ሲጎድልና ሲሞቅ ጭቃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መርዝ ይሠራል። ሬሳው ላይ ትል ይፈላል፣ ትሉ መርዙን ይይዛል፣ ጤነኛው ወፍ ትሉን ይለቅማል፣ እሱም ይሞታል። እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። ስለዚህ መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፤ ሬሳውን በየቀኑ መልቀም። ሐዋሳም የዓሣ ተረፈ ምርት ዳር ላይ የሚጥሉ ወዳጆቼ ይሄን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ዶሮም ሞታ የተላች ነገር ከበላች አንገቷ እንዲሁ ይልፈሰፈሳል።

ምልክት፦ ዶሮ ብቻ፣ በየቀኑ እየጨመረ

ፈንግል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማስነጠስ፣ የተጣመመ አንገት፣ ዛጎሉ የሳሳ እንቁላል። ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም። አንቲባዮቲክ የሚወጋላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚወጋው። እርግብም የራሷ ዓይነት አላት፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ ግን ጣቷ አይጨማደድም፤ ከመርዝ የምትለዩት በዚህና በቀናት መራዘሙ ነው።

«ክትባት ሰጥቻለሁ» ለሚሉኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። በምን ውሃ? ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመረተውን ክትባት ከፋርማሲ ኪሱ ውስጥ ጨምሮ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ፣ ምሳውን በልቶ ቤቱ የሚደርስ ሰው ለዶሮው ባዶ ውሃ ነው ያጠጣው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በበረዶ ይጓዛል፣ ክሎሪን በሌለው ውሃ ይበጠበጣል፣ በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ይጨመርበታል፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ይሰጣል። ዶሮዎቹን ቀድማችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክሏቸው፣ ሲቀርብላቸው እንዲሻሙ። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። ማቀዝቀዣ ለሌለው ሙቀት የሚቋቋም አይ-2 የሚባል ዓይነት አለ፣ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ሌላ አካባቢ ዶሮ ሲረግፍ ገበያ ላይ በችኮላ ርካሽ ዶሮ የምትገዙም እዩ፤ ሰው የሚያራግፈው ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

በአንድ ምሽት የሞቱ ጫጩቶች ግን ፈንግል አይደሉም። ከሰል አንድዳችሁ በር ዘግታችሁ ከሆነ የገደላቸው ጭሱ ነው፤ ደማቸው ደማቅ ቀይ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ፣ ክንፋቸውን አንስተው ከሞቱ ሙቀት ነው። ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው ቤት ሠርቶ ሁለት መቶ ዶሮ ያጨቀ ሰው በሽታ አይፈልግም።

ብርቅ የሆኑት፣ በአንድ በአንድ መስመር

ምሰሶ ሥር አንድ ሁለት ትልልቅ ወፍ፣ ላባቸውና እግራቸው የተለበለበ፦ መብራት ይዟቸዋል፤ ሽቦው አጠገብ ሳትሄዱ ለመብራት ኃይል ደውሉ።

ከንፋስ ኃይል ማመንጫው ሥር የተቆረጠ ወፍ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን በጅምላ አይደለም፤ ለጣቢያው ሠራተኞች ንገሩ።

ከከባድ በረዶ ማግስት፦ በረዶው ነው፣ ጭንቅላታቸውና ክንፋቸው ይሰበራል።

ከርችት ማግስት፦ አርካንሳስ ውስጥ ቢቢ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ምሽት 5,000 ያህል ወፍ ወድቆ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር፤ ርችት በጨለማ አስደንብሯቸው ከቤትና ከዛፍ ጋር ተጋጭተው ነው።

ከመስተዋት ሕንፃ ሥር፦ ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 በአንድ ሌሊት አንድ ሕንፃ ብቻ ወደ 1,000 ስደተኛ ወፍ ገድሏል፤ ማታ መብራት አጥፉ።

ማዕድን በሚጫንበት አካባቢ፦ አውስትራሊያ ኤስፐራንስ ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006ና 2007 አካባቢ በሺህ የሚቆጠር ወፍ ያለቀው በሚበንን የእርሳስ ማዕድን ነበር።

የቤት ውስጥ ወፍ ኩሽና አጠገብ ከሞተች፦ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ የማያጣብቅ (ቴፍሎን) መጥበሻ ጭስ።

የኔትወርክ ማማ፦ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ነው፤ ተዉት።

እና የወፍ ጉንፋንስ?

አለ፣ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እስራኤል ሁላ ሸለቆ ክሬን የሚባሉ ከ5,000 በላይ ባለ ረጅም እግር ስደተኛ ወፎችን ገድሏል፣ ስደተኛ ወፎች ደግሞ በስምጥ ሸለቆ በኩል ወደኛም ይመጣሉ። የምትጠረጥሩት የውሃ ወፎችና ዶሮዎች አብረው ሲሞቱ፣ ፊታቸው ሲያብጥ፣ የዶሮዋ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ሲጠቁር፣ እግሯ ላይ ደም ሲቋጥር ነው። እንዲህ ከሆነ አትክፈቱ፣ አታንቀሳቅሱ፣ አትሽጡ። ወዲያው ለወረዳው ወይም ለከተማው የእንስሳት ጤና ክፍል አስታውቁ። ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ በሌሊት ዶሮውን በአይሱዙ ጭኖ ሌላ ከተማ የሚያራግፈው ሰው ነው በሽታውን አገር የሚያለብሰው።

ናሙና

ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ትናንት የሞተ፣ ፀሐይ የዋለበት፣ ዝንብ የጣለበት ወፍ ይዞ መጥቶ «ምን ገደለው?» ይለኛል። ዛሬ የሞቱ ከሦስት እስከ አምስት ወፎችን ውሰዱ፣ የታመመ በሕይወት ያለ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እያንዳንዱን ለብቻው በድርብ ፌስታል፣ ቀን፣ ቦታና የሞቱትን ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ በእስክርቢቶ ጽፋችሁ ውጭኛው ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ወረቀቱ ከወፏ ጋር አንድ ላይ ከገባ ይርሳል፣ ማንም አያነበውም። የጠረጠራችሁትን እህል በንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ለብቻው። ሃይላንዱንም፣ መለያ ባይኖረውም፣ አሽጋችሁ።

በበረዶ ከባችሁ ላኩት እንጂ ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አታስገቡት፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚደርስ ከሆነ። የማይደርስ ከሆነ ግን በረዶ ክፍል አስገቡት፣ ከሚበሰብስ ይሻላል። የምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሥጋና ከወተት ጋር አይቀመጥም፤ ይሄንንም መናገር ነበረብኝ። ከአዳማ ቅርቡ የአሰላው የክልል ላቦራቶሪ ነው፣ ከበድ ያለው ወደ ሰበታ ይላካል። ሐዋሳ ያላችሁ ወደ ሶዶ። አርብ ከሰዓት አትላኩ፤ ቅዳሜና እሑድ በር ላይ የከረመን ፌስታል ሰኞ ማንም አይከፍተውም።